የጃኩዚያችን ውሃ የት ሄደ?

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ይህን የተናገረው ሰው ወንዝ ዳር የቆመ ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን ቤት የሠራ ሰው ነው እላለሁ። እሳት ሲመጣ ጭስ ያስቀድማል። ሌባ ሲመጣ ውሻ ይናገራል። ውሃ ግን ማንን ይልካል? ዛሬ ኮርኒሱ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ቢጫ ነገር ታያላችሁ፤ «ምን ታመጣለች» ብላችሁ ታልፏታላችሁ፤ በማግስቱ አድጋ፣ ጎርምሳ ትጠብቃችኋለች። ይሄ እንኳ ደግ ነው፤ ቢያንስ የፈሰሰው ይታያል። ፈሶ የማይታይ ውሃስ አጋጥሟችሁ ያውቃል? አንድ ገንዳ ሙሉ የሞቀ ውሃ፣ ጠብታ እንኳ ሳይተው፣ ደህና እደሩ ሳይል ውልቅ ብሎ የሄደበት ቤት ውስጥ ኖራችኋል? እኔ ኖሬያለሁ።

ባለቤቴ ታደሰ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ መኪናውን አስረከበ፤ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ግን ወገቡ ውስጥ ይዞት መጣ። የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ወገቡን ለሚያመው ሰው የምትራራ ከተማ አይደለችም፤ ጭጋጓ ሜዳው ላይ ይተኛና ፀሐይ መጥታ እስክትቀሰቅሰው አይነሳም። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሰፈርተኛው «ዶክተር» ይለኛል፤ አይደለሁም ማለት ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። ለአገሩ ሁሉ ቅባትና ኪኒን ሳድል ውዬ ቤቴ ስገባ የባሌን ወገብ ማዳን አቃተኝ። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም የሚባለው ለካ ለኛም ለባለ መድኃኒቶቹ ኖሯል።

ታዲያ ታደሰ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ግዙፍ ነጭ ነገር በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። ጃኩዚ! የሚያውቀው ሰው የእንግዳ ማረፊያ ሲፈርስ ከፍርስራሹ መሃል ያወጣው ነው። ጎረቤት የአውሮፕላን ስባሪ መስሎት ወጥቶ አየ። በበር አልገባ ብሎ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ፈርሶለት እንደ ሙሽራ ገባ። ታደሰ ውሃው ሲሞቅለት ቀስ ብሎ ገባበትና ከሆዱ የወጣ ድምፅ አሰማ፤ «እፎ…ይ! ወገቤን… እንዲህ ነው እንጂ!» ዙፋኑ ላይ የሚቀመጥ ንጉሥ እንኳ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

በማግስቱ ጧት ገንዳው ባዶ ነበር። መውረጃው እንደተደፈነ ነው። ወለሉ ደረቅ፣ ግድግዳው ደረቅ። በሰቆቹ መሃል ጣቴን ባሳልፍ ያገኘሁት አቧራ ነው።

ሳሙኤል የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ሪዛም፣ በራሱ የሚተማመን ሰው ነው። ገንዳው ሥር በጀርባው ተኝቶ አየ፣ ጎሚኒ ቀየረ፣ ሲሊኮን ለጠፈ፣ እጁን ጠራረገና «አሁን አለቀ» አለ። አላለቀም። ተመልሶ መጣ፤ ሌላ ጎሚኒ፣ ሌላ ሲሊኮን፣ «አሁን አለቀ»። የሳሙኤል «አሁን አለቀ» በቤታችን እንደ ጸሎት መዝጊያ ተለመደ። ውሃው ግን ማታ ታደሰን ያጥባል፣ ጧት የለም። ለመሆኑ ይህን ያህል ውሃ መሬት ውስጥ ሲገባ መሬቱ አይረጥብም? ግቢያችንን በዶማ ቆፍረን አየን። ድርቅ ያለ አፈር።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያናድድ ነበር እንጂ አያስፈራም ነበር።

አንድ ቀን ታደሰ ለቅሶ ሄዶ፣ ፀሐይ ሳትገባ ገንዳውን ልወልውል ብዬ አጎነበስኩ። ከባዶው ገንዳ ውስጥ፣ ከመውረጃው በኩል፣ አንዲት ሴት በቀስታ፣ በልመና ድምፅ፣ «እግሬን… እግሬን ብቻ…» አለችኝ።

መወልወያውን ጥዬ ወጣሁ። ሰው መቃብር ሊፈራ ይችላል፣ ገደል ሊፈራ ይችላል፤ የገዛ መታጠቢያ ቤቱን የፈራ ሰው የት ይታጠባል? ታደሰ ሲመጣ ነገርኩት። አየር ነው አለኝ። ሹፌር ሁሉን ነገር ወይ አየር ነው ይላል ወይ ነዳጅ ነው። እንዲያው ግን ያን ምሽት ሳይታጠብ መተኛቱን ልብ አልኩ።

ሳሙኤል ዳግመኛ መጥቶ ራሱን ገንዳው ውስጥ አስገብቶ ሲመረምር ድንገት ጆሮውን ወደ መውረጃው አስጠጋ። እኔም ከበሩ ሆኜ ሰማሁት። ያሁኑ አንድ ሰው አይደለም። ብዙ ሰው፣ ወንድና ሴት፣ ከምድር ሥር ባንድነት፣ «ማረን… ማረን… ማረን…» ይላል። ሳሙኤል ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሏል። «እትዬ፣ ይሄ የቧንቧ አይደለም» ብሎኝ ካቻቪቴውን እንኳ ሳያነሳ ወጣ። «አሁን አለቀ» ሳይል ሲሄድ የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ሰሞን እማማ ጥሩነሽ መድኃኒት ቤት ድረስ መጡ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኪኒናቸውን ከኔ እጅ ሲወስዱ ነው የኖሩት። ኪኒኑን ሳወጣላቸው እጃቸውን አንስተው ከለከሉኝ።

«ተይው ዶክተርዬ፣ እኔ ከእንግዲህ በቃኝ። ጸበል ወጥቶልናል። ፍል ውሃ!»

«የት?» አልኳቸው።

«ከቤትሽ ጀርባ፣ ጅምሩ ቤት ውስጥ። አልሰማሽም እንዴ? እግሬ እኮ እሳት ይለኝ የነበረው ተወኝ። ደግሞ ውሃው ይናገራል።»

ከቤታችን ጀርባ ባለቤቱ ጀምሮ የተወው ባለ ምድር ቤት ፎቅ አለ፤ ቆሞ የቀረ፣ መስኮት የሌለው፣ ጭጋግ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው የሚወጣበት። ጧት ጧት ከሥሩ እንፋሎት ሲወጣ አይቻለሁ፤ ዘበኛው ሻይ ሲያፈላ ነበር የመሰለኝ። ሥራዬን አስፈቅጄ እማማ ጥሩነሽን ተከትዬ ሄድኩ።

ዘበኛው ኦቦ ቶላ በር ላይ ጫማዬን አስወለቁኝ። «አካም ጅርቱ ዶክተር? ቀስ ብለሽ ግቢ፣ ሆራ ነው፤ ቢሻን ሆኣ፣ ሙቅ ውሃ! መሬቱ ራሱ አሙቆ የሰጠን» አሉኝ። እሳቸው ናቸው መጀመሪያ ያገኙት፤ እግራቸውን ነክረውበት ተሻላቸው፣ ለአንድ ሰው ነገሩ፣ ያ ሰው ለአገር ነገረ። ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ጨለም ያለ ነው። ከግድግዳው ስንጥቅ ውሃ ይወርዳል፣ እንፋሎቱ ያሳውራል፣ ሰዎች ነጠላቸውን ተከናንበው ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመዋል። አንዲት ሴት «እግሬን… እግሬን ብቻ…» ትላለች። ድምፁን አወቅኩት። ቀጥሎ ሁሉም ባንድነት «ማረን… ማረን…» አሉ።

ከዚያ ጸጥ አሉ። እማማ ጥሩነሽ ክንዴን ያዙኝ። «ስሚ፣ አሁን ይናገራል።»

ከግድግዳው ውስጥ፣ ከጥልቅ፣ እንደ ከበሮ የወፈረ ድምፅ መጣ።

«እፎ…ይ! ወገቤን… እንዲህ ነው እንጂ!»

ሕዝቡ ውሃው ውስጥ ተንበረከከ። እኔ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። ከዚህ ድምፅ ጋር ስንት ዘመን አንድ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ!

ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ታደሰ በቀን ሰው አይሰማኝም ብሎ ገብቶበት ኖሯል፤ እስከ አንገቱ ተዘፍዝፎ አገኘሁት። «ውጣ! አንተን ሰው እየጠጣህ ነው!» አልኩት። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አሰበ። በመጨረሻ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደረቱን ነፋ አደረገና «ግን ዳኑ አይደል?» አለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ገላውን በባልዲ እንዲታጠብ ፈረድኩበት።

በማግስቱ ለኦቦ ቶላም ለእማማ ጥሩነሽም እውነቱን ነገርኳቸው። ውሃው የኛ ነው፤ ከጃኩዚ ሾልኮ በአሮጌ ቱቦ የመጣ ነው፤ የሚናገረውም ባሌ ነው አልኳቸው። ኦቦ ቶላ በአክብሮት ሰሙኝና «ዶክተር፣ ሰው የራሱን ጥቅም ሲነኩበት ይከፋዋል፣ አውቃለሁ። ኪኒን ባይሸጥም ግን አምላክ ያኖርሻል» አሉኝ። እማማ ጥሩነሽ ግን እየከሱ ነበር። ከንፈራቸው ደርቋል፣ ውሃ ይጠማቸዋል፣ ዓይናቸው ብዥ ይላል። ይህ የስኳር መጨመር ምልክት መሆኑን የማላውቅ ብሆን ኖሮ እኔም ተንበርክኬ ዝም ባልኩ። አወቅኩታ! ከገዛ መታጠቢያ ቤቴ በወጣ ውሃ ሰው ሊሞት ነው።

በዓይናቸው ካዩ ያምናሉ ብዬ ገንዳውን በንጹሕ ውሃ ሞላሁና ቀለም ልጨምርበት አሰብኩ። መድኃኒት ቤት የቁስል ቀለም አለ፤ ግን ይጠጡታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ገበያ ወጥቼ ያገኘሁትን ቀይ ሥር ሁሉ ገዝቼ ቀቀልኩና ጨመቅኩበት። ሳይጎዳ ያሳምናል። ብልህ አይደለሁም?

ጎሕ ሲቀድ በኦቦ ቶላ ጩኸት ነቃን። ሮጬ ሄድኩ። ውሃው በስንጥቁ ሐምራዊ ሆኖ ይወርዳል። «አያችሁ?» ልል አፌን ስከፍት እማማ ጥሩነሽ እልል አሉ።

«ወይን ጠጅ ሆነ! ውሃው ወይን ጠጅ ሆነ! ቃና ዘገሊላ!»

«ኧረ ቀይ ሥር ነው! ቅመሱት!» ብዬ ጮህኩ። ኦቦ ቶላ በእፍኛቸው ቀመሱ። አሰቡ። «ይጣፍጣል» አሉ። አለቀልኝ። ያን ቀን ከሰበታም ከቡራዩም ሰው በሚኒባስ ተጭኖ መጣ።

ሳሙኤልን ለምነን፣ ሁለት ሰው አስይዘን፣ ጃኩዚውን ነቅለን ግቢ ውስጥ ደፋነው። መውረጃውን በሲሚንቶ ደፈነልን። ቱቦው ውስጥ የቀረው ሲያልቅ ጸበሉም ያልቃል፣ ሰውም ይበተናል አልኩ። እሱ ሳይሆን በፊት ግን እማማ ጥሩነሽ እዚያው ደጃፍ ላይ ወደቁ። ጤና ጣቢያ ስደርስ ዓይናቸውን ገልጠዋል፣ ነርሷ በመርፌ ረድታቸዋለች፤ ኪኒን ሲሰጧቸው ግን አፋቸውን ገጥመዋል። በጎናቸው ከዚያው ውሃ የቀዱበት ጠርሙስ አለ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ጃኩዚ አላነሳሁም፣ ስለ ቀይ ሥርም። እጃቸው በእጄ ውስጥ የደረቀ ቅጠል ነበር።

«እማማ፣ መድኃኒቱንስ የሰጠ እሱ አይደለም?» አልኳቸው።

«እሱ ነው እንጂ።»

«ውሃውንስ?»

«እሱ።»

«ታዲያ ምን አጣላቸው? ኪኒኑን በውሃው ይዋጡት። ብቻ አፍልተው።»

«መቼም አንቺ ዶክተር ነሽ» አሉና አፋቸውን ከፈቱ። ያን ቀን ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ዳኑ። ማን አዳናቸው ቢሏቸው ውሃው ይላሉ፤ ይበሉ። ኪኒናቸውን ሊወስዱ በመጡ ቁጥር ይመርቁኛል። አንድ ቀን ከምርቃቱ ጋር ስጦታ ይዘው መጡ፤ አንድ ጠርሙስ ጸበል፣ በነጠላ የተጠቀለለ። ተቀበልኳቸው። ጠርሙሱ እጄን ፈጀኝ።

«አሁን የቀዳሁት ነው» አሉኝ።

ጃኩዚው ከተነቀለ ወራት አልፈዋል። ሥሩ ዶሮዎቻችን እንቁላል ይጥላሉ። ታደሰን ከቤት ጠርቼ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሳይበዛ፣ አብረን ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ታደሰ ከዚያ በፊት ገብቶ አያውቅም፤ አፍሮ። ውሃው በስንጥቁ ይወርዳል። እጄን አስገባሁ። የኛ ጃኩዚ በሙሉ ጉልበቱ አሙቆት የማያውቀውን ያህል ይሞቃል።

ታደሰ «ሌላ ሰው አገናኝቶ ይሆናል» አለ። ከማን ቤት? ከኛ በላይ ያለው ሜዳ ብቻ ነው።

እግራችንን እንኳ ሳንነክር ለመውጣት ስንዞር ከግድግዳው ውስጥ፣ ከጥልቅ፣ ድምፁ መጣ።

«እፎ…ይ! ወገቤን…»

ታደሰን አየሁት። አጠገቤ ቆሟል። አፉ ተዘግቷል። እጄን አጥብቆ ይዞ፣ ልጅ ሆኖ፣ «ያ ማነው?» አለኝ።

እየጎተትኩ ይዤው ወጣሁ። ቤት እንደገባን ለሁለታችንም አንዳንድ የማረጋጊያ ኪኒን አወጣሁ። በምን ውሃ እንደዋጥነው ግን አትጠይቁኝ።