አሳንሶ የሚናገር ሰው ሚስት ሲጠይቅ

እኛ ሰዎች በቀን ስንት ጊዜ እንደምንሞት አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤዋለሁ፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህን ማሰብ ከሥራ ይቆጠርልኛል። ጠዋት ጎረቤቴ «ብርዱ ገደለኝ» እያለች ትቀበለኛለች። ቁርስ ቤት ስገባ ባለቤቲቱ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ጉረስልኝ» ትለኛለች። የመምህራን ክፍል ስደርስ አንዱ በሳቅ ሞቷል፣ ሌላው በእንቅልፍ፣ የቀሩት በስብሰባ። ለሰሚ እንግዳ፣ እስከ ረፋድ ድረስ መቱ ውስጥ ቀባሪ የሚተርፍ አይመስልም። ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ተነስቶ ሻይ ይጠጣል።

በእንግሊዝኛ የአጻጻፍ ትምህርት ይህንን «ሃይፐርቦሊ» ይሉታል፤ ግነት ማለት ነው። ለማስተማር ከሁሉ የሚቀለኝ እሱ ነው፣ ተማሪዎቼ ከየቤታቸው ይዘውት ይመጣሉና። «እንደ» እያለ የሚያነጻጽረውም ሆነ ሰውን በቀጥታ አንበሳ የሚያደርገው ዘይቤ አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ «አንደርስቴትመንት» የሚባለው ነው፤ ትልቁን ነገር ሆን ብሎ አሳንሶ መናገር። ለምሳሌ ይሆነኛል ብዬ አንድ ሰው ፈጠርኩ፤ ዶፍ ሲወርድበት ቆይቶ፣ ውሃ ከላዩ እየተንጠባጠበ ቤት ይገባና «ካፊያ ቢጤ አለ» ይላል። ኢሉባቦር ተወልዶ ዝናብ የማያውቅ ልጅ የለም። አንዷ ተማሪዬ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ለምን ይዋሻል?» አለችኝ።

ይህን ዘይቤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የሥራ ባልደረባዬ መስፍን ነው። እሱም እንግሊዝኛ ያስተምራል። እኔ ትምህርቱን ክፍል ውስጥ ትቼው እወጣለሁ፣ መስፍን ግን ይዞት ቤቱ ይገባል። አንድ ክረምት ነፋስ የቤቱን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ሲጥልበት፣ «ቤቴ ትንሽ አየር አገኘ» ብሎ የነገረን ሰው ነው። እኛ እንስቃለን። እሱ አይስቅም። ዝምተኛ ነው፣ ረጅም ነው፣ ሲያስብ ጆሮውን ይነካካል።

ይህ ሰው ፍቅር ያዘው። ልጅቱ ሌንሴ ትባላለች፤ ጎሬ ነርስ ናት፣ ቤተሰቧ ሁሩሙ ነው። አባቷ ኦቦ ጉደታ ማር ነጋዴ ናቸው፤ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሰቀለ ሁሉ ለእሳቸው ይሸጣል። ሌንሴ ለመስፍን አስቀድማ ነግራዋለች፦ «እወድሃለሁ፤ አባቴ እምቢ ካሉ ግን እሳቸውን አስቀይሜ አልወጣም።» በዚያ ላይ አንድ ቶዮታ ያለው ቡና ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

ሽማግሌ ሆነን የሄድነው ጋሼ ሸምሱና እኔ ነን። ጋሼ ሸምሱ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው መቱ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ጨርቃቸው ለክተው የሚቆርጡ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እሳቸው ብቻ ተናገሩ፣ እኔ አንገቴን ነቀነቅሁ። ኦቦ ጉደታ ሰምተው ሲያበቁ «እናንተን ሰማኋችሁ። አሁን ደግሞ ልጁን አምጡልኝ፤ ከራሱ አፍ ልስማ» አሉን። ያልተለመደ ነገር ነው። ጋሼ ሸምሱ ከቤቱ ስንወጣ «በርታ በለው፣ ወንድሜ» አሉኝ። በርታ አልኩት። ጆሮውን ነካካ።

በሳምንቱ ሦስት ሆነን ተመለስን። ሳሎኑ ውስጥ ኦቦ ጉደታ፣ ታናሽ ወንድማቸው ከነከዘራቸው፣ የሌንሴ እናት አዴ ብርቄም በጓዳው በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ሌንሴ ጓዳ ናት። ሰላምታው አለቀ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ማሩም ተወራ። ከዚያ ኦቦ ጉደታ ወደ መስፍን ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሌንሴን እንዴት ታያታለህ?»

መስፍን አሰበ። ወዮልኝ፣ ሲያስብ አየሁት!

«ልጅዎ... መጥፎ ሰው አይደለችም» አለ።

አጎትየው ወደ ወንድማቸው ጎንበስ ብለው «ማል ጄዳ?» አሉ፤ ምን ይላል ማለታቸው ነው። ኦቦ ጉደታ ግን ዓይናቸውን ከመስፍን አልነሱም። «እና ባታገኛትስ?» አሉት መስፍንን።

«ያለ እሷ መኖር ትንሽ ያስቸግረኛል።»

«ትንሽ!» አሉ አጎትየው፣ አሁን በአማርኛ፤ ከዘራቸውን ተመርኩዘውም ብድግ አሉ። «ልጃችንን ትንሽ ለሚያስቸግረው ሰው ነው የምንሰጠው?»

ጋሼ ሸምሱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። አስተማሪ ነኝና ማስረዳት ጀመርኩ። «አባቴ፣ ይህ በእንግሊዝኛ የታወቀ የአነጋገር ዘይቤ ነው። ጥቂት ተናግሮ ብዙ ማለት ነው።»

ኦቦ ጉደታ አዩኝ። «ታዲያ ብዙ ቢናገር ኖሮ ጥቂት ማለቱ ነበር?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በክፍል ውስጥ ቢመጣ ደወሉ ያድነኛል። ሁሩሙ ውስጥ ደወል የለም። ስለዚህ ወደማውቀው ዘይቤ ሸሸሁ። «አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ይህ ሰው ልጅዎን ካላገኘ ይሞታል!»

«ባለ ቶዮታውም ይሞታል ብለውኛል» አሉ ኦቦ ጉደታ። «ከእሱ በፊት የመጣውም ይሞት ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ሳገኘው ወፍሯል። ሁሉም የሚሞት ከሆነ ልጄን ለማን ልስጥ?»

ጋሼ ሸምሱ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ አየሁ። መስፍን ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ነገሩ እንዳለቀለት ገባኝ። አሳዘነኝ፤ ልጁ ሊናገረው የፈለገው ነገር ከጉሮሮው በላይ ትልቅ ነበር።

ይኼኔ ሌንሴ ከጓዳ ወጣች። ማንም አልጠራትም። እናቷ ቀሚሷን ያዝ ቢያደርጓትም አልቆመችም፤ አባቷ ፊት መጥታ ቆመች።

«አባ፣ እኔ ልናገር?»

ኦቦ ጉደታ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ወሰደችው።

«ባለፈው ክረምት ወባ ጥሎኝ ጎሬ ተኝቼ አልነበር? እናንተ ዘንድ ወሬው የደረሰው ከተሻለኝ በኋላ ነው፤ እንዳትደነግጡ ብዬ እኔው ነኝ የደበቅሁት። ያን ጊዜ ይህ ሰው በየቀኑ ማታ ማታ ሾርባ በፔርሙዝ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። መንገዱ በጭቃ ተበላሽቶ ሚኒባስ ሲቆም፣ አይሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር ተጭኖ መጣ። ልብሱ ጨቅይቶ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። ለምን ትለፋለህ ስለው ምን እንደሚለኝ ታውቃላችሁ? ‹በዚህ ሳልፍ ነው› ይለኛል።»

አዴ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ልጃቸውን ማን ሲያስታምማት እንደነበር ገና አሁን መስማታቸው ነው።

ኦቦ ጉደታ ባለቤታቸውን አዩ። ከዚያ ወደ መስፍን ዞሩ። «ቤትህ የት ነው?»

«መቱ ነው፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ።»

«ማስተማሪያህስ?»

«እዚያው ነው።»

«ታዲያ ጎሬ በየት በኩል መንገድህ ሆነ?»

መስፍን ጆሮውን ነካካ። «ትንሽ ዞር ይላል» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት አጎትየው ናቸው። ሳቃቸው ከሆዳቸው ነበር የመጣው፤ ከዘራቸው ወደቀ፣ እሳቸውም ተቀመጡ። ቀጥሎ ጋሼ ሸምሱ፣ ቀጥሎ እኔ። ኦቦ ጉደታ አልሳቁም። ልጃቸውን እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና ግንባሯን፣ ትኩሳት እንዳለባት ሁሉ፣ በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ለእኔ ሳትነግሪኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ግን ነበረ።» ከዚያ ቀና አሉና «ጋሼ ሸምሱ፣ ቀኑን እንቁረጥ» አሉ። ባለቤታቸውንም «ብርቄ፣ ሰዎቹ ርቧቸዋል» አሏቸው።

ወደ መቱ የተመለስነው በመጨረሻው ሚኒባስ ነው። መስፍን መስኮቱን ይዞ ተቀምጧል። እኔና ጋሼ ሸምሱ ስለ ሠርጉ ስናወራ እንኳ ጆሮ አልሰጠንም። ጫካው ውስጥ እንደገባን ድንገት «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ቆመለት። ሽንቱ መጥቶበት ነው ብዬ ነበር። መስፍን ወርዶ ጥቂት ራመድ አለ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋና ዛፎቹ ላይ እንዲህ ሲል አምባረቀ፦

«ሞትኩላችሁ! ኧረ ሰማይ ነካሁ! በዓለም ላይ እንደ እኔ የታደለ ሰው አልተፈጠረም!»

ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ሸሹ። ተሳፋሪው በሙሉ ወደ መስኮቱ ተንጋጋ። ከፊቴ የተቀመጡ እናት ዶሯቸውን ወደ ጉያቸው ሸጎጥ አድርገው «ምን ነክቶት ነው? ምንድን ነው የሚለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ግነት ነው፣ የአነጋገር ዘይቤ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን መስፍን ዞሮ ወደ መኪናው ሲመጣ ፊቱን አየሁት።

«እውነቱን ነው፣ እናቴ» አልኳቸው።