አክስቴ የሳመችው ስልክ

ሰው ስልኩን አውጥቶ ወደ እኔ ሲያዞር ፊቴን አዞራለሁ። ወዳጆቼ ኩራት ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። ኩሩ ብለው ቢያሙኝ ይሻለኛል፤ እውነቱ ከኩራት በብዙ ያንሳል።

እናንተ ዘንድ እንዴት እንደነበር አላውቅም። እኛ ጋይንት ግን ፎቶ መነሳት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። በልጅነቴ ንፋስ መውጫ የማውቀው አንድ ፎቶ ቤት ነው፤ ፎቶ ቤቱም አንድ ኮት ነበረው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ጉርድ ፎቶ አምጡ እንባላለን። እንሰለፍና ኮቱን በየተራ እንለብሳለን። ረጅሙም ያንኑ፣ አጭሩም ያንኑ። አጭሩን እጅጌው ይውጠዋል፤ ግን ጉርድ ነው፣ ማን ያየዋል? ከደረት በታች ያለው የየራሳችን ጉዳይ ነው። የእኔ ከደረት በታች ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ የተሰፋ ሱሪ ነበር። ጉርድ ፎቶን የፈጠረውን ሰው እግዜር ይስጠው። ድሃን ከወገቡ ቆርጦ ከሰው እኩል ያደርገዋል።

ካሜራ እንግዲህ እንዲህ ነበር፤ ገመና ያውቃል። ወረቀቱም የታመነ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ? አንዴ ፊትህን ከያዘ ያዘ ነው። ቢስሙት፣ ቢያለቅሱበት፣ ግድግዳ ላይ ጢስ ቢጠጣ፣ ያው አንተ ነህ።

በጣት የሚዳሰሰውን ስልክ የገዛሁት አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ከከረምኩ በኋላ ነው። የገዛሁ ዕለት ምን አደረግሁ? ባለቤቴ ገነት ገበያ እስክትሄድ ጠበቅሁ። በሩን ቆለፍኩ። ክራባት አሰርኩ። ከዚያ ስልኩን ወደ ራሴ አዙሬ ጥርሴን እያሳየሁ ተነሳሁ። እኔ በሰው ፊት የምስቅ ሰው አይደለሁም። ብቻዬን ግን፣ አሁን ስናገረው እንኳ ጆሮዬ ይግላል፣ ብቻዬን ሳቅኩ። ላጠፋው አሰብኩ፤ አሳሳኝ።

ከዚያ ቀጥሎ ያነሳሁት አያ ደሴን ነው። አያ ደሴ የአክስቴ ባል ናቸው። እናቴ ስትሞት ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ለጥምቀት ሄጄ ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። ፎቶ ላንሳዎት ብላቸው ገብተው ጋቢያቸውን ለወጡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ዱላቸውን ይዘው እንደ ዘብ ቆሙ። ቀጭ አደረግሁና አለቀ አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ፎቶው። ተነሡ እኮ።»

«መብራቱ ቦግ ሳይል? ልጄ፣ በደንብ አንሳኝ እንጂ!»

ብዙ ቆሙ። አለቀ ብላቸው አላምን አሉ። በመጨረሻ እንደ ፎቶ ቤቱ ሰውዬ እጄን ከፍ አድርጌ የማነሳ መሰልኩላቸው። ያኔ ነው ትከሻቸውን የለቀቁት።

አያ ደሴ በዚያው ዓመት አረፉ። እኔና ገነት ለሰልስቱ ደረስን። ገነት አገሬን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ስለ ልጅነቴ አንድም ቀን አውርቼላት አላውቅም። «ገበሬ ነበርን» ብያታለሁ። ከዚያ በላይ ምን ያደርግላታል?

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ዕቃው ይወጣል። ጋቢው፣ ዱላው፣ ጠመንጃም ካለው ጠመንጃው። ፎቶ ካለ ፎቶው ይቀድማል፤ አልቃሽ ፊቱን እያየች ትገጥማለች፣ ዘመድ ፊቱን እየሳመ ያለቅሳል። የአያ ደሴ ፊት ግን አልነበረም። የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ጥፍር የምታክል አለች፤ እሷንም ግማሿን ማኅተም በልቷታል። አክስቴ ስንዱ ገና ከአጥር ስገባ አንገቴን ይዛ፣ «ታከለ፣ ያኔ ያነሳኻቸውስ? ፊታቸውን ሳልይዝ ባሌን እንዴት አድርጌ ልሸኝ?» አለችኝ።

ስንመጣ ፎቶውን ንፋስ መውጫ ለማሳጠብ ሞክሬ ነበር። መብራት የለም። ታዲያ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁ? ስልኩን ከፍቼ፣ እንዳይጠፋ አድርጌ፣ ብርሃኑን ከፍ አድርጌ በእጇ ሰጠኋት። አያ ደሴ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቁልጭ አሉ። ለቀስተኛው ተንጫጫ። እኔም ወንዶቹ መሀል ሄጄ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር? በስልኬ ትንሽ ኮራሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አክስቴ ስልኩን ከፍ አድርጋ አሳየች። ከዚያ ሳመችው። አንዱን ጉንጭ ሳመች፣ ፊቷን አዙራ ሌላውን ሳመች። ፎቶ እንደዚያ ነው የሚሳመው። በጣት የሚዳሰስ ስልክ ደግሞ ጉንጭና ጣት አይለይም። አያ ደሴ ሸርተት ብለው ሄዱ፤ በቦታቸው እኔ መጣሁ። ከነክራባቴ፣ ከነጥርሴ።

አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር። እንደጨፈነች ስልኩን ለአልቃሿ ለእማማ ጥሩ አቀበለቻቸው።

እማማ ጥሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ከሕፃንነቴ ያውቁኛል። መምጣቴን ግን አላዩም። ስልኩን አዩ። አክስቴን አዩ። አክስቴ ታለቅሳለች። እኛ አገር ደግሞ ሩቅ አገር የሞተ ሰው መርዶ ይደበቅና፣ ሌላ ለቅሶ ሲገኝ፣ ዘመድ ሲሰበሰብ ይረዳል። ታዲያ በለቅሶ መሀል፣ ያለ አንድ ቃል፣ የሩቅ ሰው ፎቶ ቢያቀብሏችሁ ምን ትላላችሁ?

«ወይኔ ታከለ!» ብለው ጮኹ። «ይሄን ደብቃችሁን ኖሯል!»

ሴቶቹ እንደ አዲስ ወደቁ። እማማ ጥሩ ደረታቸውን እየመቱ ገጠሙ፦

«በስንዴ ጆንያ ሱሪ የለመደ፣
ክራባቱን አስሮ ወዴት ነው የሄደ?»

ገነት ከሴቶቹ መሀል አንገቷን አሰገገች። ትፈልገኛለች። እኔ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። ወጥቼ ምን ልበል? አልሞትኩም ልበል? ሰው በራሱ ለቅሶ ላይ እንዴት ብሎ ይገባል?

«የጉና ብርድ ያልቻለው፣ ረሀብ ያልጣለው፣
አዲስ አበባ ላይ ጥጋቡ ገደለው!»

የእንባው መብዛት! በሕይወቴ እንዲያ የተወደድኩበት ቀን የለም። ያፈርኩበትም የለም። ዘመኔን ሁሉ የሸፈንኩትን ሱሪ በአደባባይ አሰጡት። ደግሞም በማን ለቅሶ? ባሳደጉኝ ሰው ለቅሶ። የእሳቸው ጋቢና ዱላ ጥግ ላይ ተረስቷል።

አጠገቤ የቆሙት ቄስ ቀስ ብለው ዞሩ። አዩኝ። አማተቡ።

«አንተ፣» አሉኝ፣ «ሟቹ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ አባ፤» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ? ውጣ!»

ገፉኝ። መሀል ገብቼ ጋቢዬን ገለጥኩ። እማማ ጥሩ «በስመ አብ!» ብለው ስልኩን ጣሉት። አንዷ ሮጠች። ሌሎቹ እንባቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ የት ያድርጉት? አክስቴ ስልኩን አንሥታ አየችው። አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለኝ።

«አውጣልኝ፤» አለች ቀስ ብላ። «ባሌን አውጣልኝ።»

መስተዋቱ በእንባ ረጥቦ ጣቴን አልሰማ አለ። ጠረግሁት። ይባስ ብሎ ድርግም አለ። ስነካካው ለቀስተኛው ሁሉ ያየኛል። መጀመሪያ ያገገሙት እማማ ጥሩ ናቸው።

«የሰውዬውን እንባ ወስደህባቸዋል፤» አሉኝ። «በል መልስ! ፊታቸውን በአፍህ ንገረን።»

እኔ ለቅሶ ላይ ተናግሬ አላውቅም። እንኳን ለቅሶ ሠርግ ላይም አልናገር። ቆምኩ። ፊታቸውን ላስታውስ ብል ጠፋኝ፤ ለስልኩ አደራ ሰጥቼው የለ? የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው።

«ያንን ሱሪ፣» አልኩ፣ «ልጆች ሲስቁብኝ ትምህርት ቤት አልሄድም አልኩ። አያ ደሴ አልተቆጡኝም። ለራሳቸውም ከዚያው ጆንያ ሱሪ አሰፉ። አርብ ገበያን እጄን ይዘው ከዳር እስከ ዳር አዞሩኝ። ሽማግሌ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ እሳቸውን ሲያይ እኔን ማየት ተወ።»

ፊት ተጠይቄ ሱሪ ተናገርኩ። ግን በቃ። አክስቴ እዚያው ተቀመጠችና እውነተኛውን ለቅሶ ያኔ ጀመረች። ዱላቸውን አነሡት፣ ጋቢያቸውን አነሡት። እማማ ጥሩ የገጠሙትን አልደግመውም፤ የእሳቸው ነው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ገነት አጠገቤ ነበረች። ክምር ድንጋይ ከተማን ካለፍን በኋላ፣ «ጆንያው ላይ ምን የሚል ጽሑፍ ነበረው?» አለችኝ።

«አይሸጥም፣ አይለወጥም።»

«በየት በኩል?»

«በመቀመጫዬ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ሌላ አልጠየቅሁም።

ከወር በኋላ የአያ ደሴን ፎቶ አሳጥቤ፣ በመስተዋት አስገብቼ ልልክ ስል አክስቴ ደወለች። ሁለቱንም ላክ አለች። የኔን ምን ታደርጊዋለሽ ብላት፣ «የተለቀሰበት ፎቶ አይጣልም፤ ሟርት ነው» አለች። ተከራከርኩ። ከአክስቴ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ የለም። ላክሁ።

ዛሬ ሁለታችንም ግድግዳው ላይ ነን፤ እሳቸው ከነዱላቸው፣ እኔ ከነክራባቴ፣ ጎን ለጎን። በየዓመቱ ለጥምቀት ስሄድ የማላውቀው እንግዳ ይገባል። ቀና ብሎ ያየናል። ቆቡን ያወልቅና፣ «ነፍስ ይማር» ይላል።

እኔም ከሥሩ እንደተቀመጥኩ «አሜን» እላለሁ።