ለዲስፕሌይ ነው

ዲስፕሌይ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጅጅጋ ውስጥ የማያውቅ አለ? ሱቅ ደጃፍ ለማሳያ የሚሰቀለው ጫማ ዲስፕሌይ ነው፤ የሞባይል መስታወትም ዲስፕሌይ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ግን ቃሉን ከገበያ አንስታ ሳሎኗ አስገባችው። ከሐርተሼክ ገበያ ያመጣቻቸው ባለወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎች ከንፈር ሳይነካቸው ቡፌ ውስጥ ዓመታት ኖሩ።

ሽማግሌዎች ልጄን ሊጠይቁ በሚመጡበት ቀን፣ ስድስቱን ብቻ እንድታውሰኝ ለመንኳት።

«ውይ እህቴ፣ ለዲስፕሌይ እኮ ናቸው!»

የተከበሩት ሽማግሌዎች ሻያቸውን በፕላስቲክ ኩባያ ጠጡ። አንደኛው ኩባያውን አገላብጦ ሲያየው መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ደግነቱ ልጄ ከመታጨት አልቀረችም። እኔ ደግሞ ቂመኛ አይደለሁም፤ አለመርሳት ግን ቂም ነው እንዴ?

ለሰርጉ እትዬ ዘነበችን ጠራኋትና ሁሉም በሚያያት ቦታ፣ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። ወጡ በግራዋም በቀኟም አለፈ፤ እሷ ጋ ሳይቆም።

«እህቴ፣ እኔን ረሳችሁኝ እኮ!»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!» አልኳት ነጠላዋን እያስተካከልኩላት። «አንቺ እኮ ለዲስፕሌይ ነሽ።»

በማግስቱ ስድስቱን ብርጭቆዎች በዘንቢል ላከችልኝ። ይኸው አሁን የእኔ ቡፌ ውስጥ ናቸው። ቤቴ ብትመጡ ታዩዋቸዋላችሁ፤ ሻይ የምትጠጡት ግን በፕላስቲክ ኩባያ ነው።