ኮርኒሴ ውስጥ ሆኖ ስሜን የሚጠራው

ዛሬ ጠዋት ወንበር ላይ ቆሜ፣ ጭንቅላቴን ኮርኒስ ውስጥ ከትቼ፣ ጋኔን ሳስለፈልፍ ነበር። አዎ፣ እኔው! ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ሴትዮ።

አትሳቁ። መጀመሪያ ስሙኝ።

ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ ተዛውሬ የተከራየሁት ቤት ዘመናዊ ነው። ብሎኬት፣ ሴራሚክ፣ ኮርኒስ። አራት ክፍል በአንድ መስመር፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር። የመጀመሪያው የኔ ነው። መሃል ያሉት ሁለቱ ተከራይ አጥተው ባዶ ናቸው። የዳሩ የአንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ነው፤ የኔታ እንላቸዋለን።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ከነነፋሱ በቆርቆሮው ጠርዝ እየሾለከ ኮርኒሱ ላይ ተኛ። የኮርኒሱ ቺፑድ በየቀኑ ሆዱ እየተነፋ ወደ አልጋዬ ወረደ። አከራዬ "ይደርቃል" አለኝ። በነሐሴ ይደርቃል ይባላል እንዴ?

ከዚያ አንድ ንጋት፣ ጠብ ጠብ በሚለው መሃል፣ ከላይ ድምፅ ሰማሁ።

"...ወለተ ሐና..."

የክርስትና ስሜ ነው። ሰቆጣ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም። መሥሪያ ቤቴም፣ ቀበሌም፣ እናንተም አታውቁትም ነበር። (ይኸው አወቃችሁ!)

የክርስትና ስም ለማንም እንደማይነገር ታውቃላችሁ፤ መተት የሚሠራ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።

ፍልሰታን ሙሉ በየንጋቱ ተጠራሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም። ቺፑዱ በወረደ ቁጥር ድምፁ ይቀርባል። ትናንት ቺፑዱ ተገንጥሎ አልጋዬ ላይ ወደቀ። ቀዳዳው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር እፍ ይልብኛል። ዛሬ ንጋት ስሜ ከዚያ ውስጥ ጥርት ብሎ መጣ።

የፈራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቶብኝ ናሙናው ወደ ወልድያ ተልኳል። ውጤቱ ሐሙስ ይመጣል። የነገርኩት ለእናቴ ብቻ ነው። እና ይሄ ነገር ሊወስደኝ የመጣ መሰለኝ።

ጠበሌን ይዤ ወንበር ላይ ወጣሁ። ልክ እንደ አጥማቂዎቹ፦

"ማን ነህ? ተናገር!"

ጠብ... ጠብ...

ከጨለማው ውስጥ ሳል መጣ። ቀጥሎ ቀስ ያለ ድምፅ።

"የዝቋላው ፍየል ነኝ።"

ጋኔኑ ፍየል ነው! ጠበሉን በራሴ ላይ ደፍቼ አልጋዬ ላይ ተዘረርኩ።

"ኧረ ቀስ፣ ልጄ። የዳሩ ቤት ነኝ።"

የኔታ!

አሁን ልናዘዝ። እኔ ክፍል ኔትወርክ የሚገኘው አልጋ ላይ ቆሞ፣ ስልኩን ኮርኒሱ ሥር ይዞ፣ እየጮኹ ሲያወሩ ብቻ ነው። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ደግሞ ኮርኒሱ ጋ ያበቃል። ከዚያ በላይ ሁሉም አንድ ቤት ነው።

ክረምቱን ሙሉ ለእናቴ ምን ስላት ከረምኩ? እዚህ አንድ ሽማግሌ አለ፣ ሲያስል የኛው ቆላ የዝቋላ ፍየል ነው የሚመስለው እያልኩ ስስቅ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ እያለቀስኩ፣ "ለንስሐ አባቴ ንገሪልኝ፤ ወለተ ሐና ብለው በጸሎት ያስቡኝ" አልኳት።

የኔታ ሁለቱንም ሰምተዋል።

በየንጋቱ የሚሉት "ዕቀባ ለአመትከ ወለተ ሐና" ነበር። አገልጋይህን ወለተ ሐናን ጠብቃት ማለት ነው። እኔ ጋ የሚደርሰው ስሜ ብቻ።

ሮጬ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ለምን እንዳልነገሩኝ ብጠይቃቸው፣ ታፍሪያለሽ ብዬ ነው አሉኝ።

"ፍየሉስ እውነት ነው፣ ልጄ። ስምሽን ግን ፈልጌ አልሰማሁም። ከሰማሁ በኋላ እንዴት ዝም ልበል?"

እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም። እንደዛሬም ቀሎኝ አያውቅም።

እና ምን ተማርኩ? ጎረቤታችሁን ከማማታችሁ በፊት ኮርኒሳችሁ የት ድረስ እንደሚሄድ ጠይቁ!

ከሰዓት አከራዬ አዲስ ቺፑድ ተሸክሞ ከች አለ። ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ ዛሬ ነው የነቃው! መልሼ ላክሁት።

"ዝናቡስ?" አለኝ።

ይግባ አልኩት። ሐሙስ እስኪያልፍ ቀዳዳው አይደፈንም።