የቁማርተኛው ሽማግሌ

ሰው ዝም ያለን ሰው ለምን እንደሚያምን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብዙ የሚያወራውን ይጠረጥሩታል፤ ዝም ያለውን ግን «ይኼ ሰውዬ አንድ ነገር ቢያውቅ ነው» ብለው ወንበር ይስቡለታል። ላም የጠፋችበት ጎረቤት ሊያማክረኝ ይመጣል። እኔ ዝም እላለሁ። እሱ ራሱ ያወራ ያወራና «ልክ ነዎት፣ በወንዙ በኩል ልፈልጋት» ብሎ አመስግኖኝ ይሄዳል። ምን አልኩት? ምንም! ላሚቱ ከተገኘች ደግሞ የእኔ ጥበብ ነው ተብሎ ይወራል።

እውነቱን ልንገራችሁ። ዝም የምለው የምናገረው ስለሌለኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ዋልያ ባለበት ተራራ፣ ጨነቅ ላይ፣ የፓርክ ስካውት ሆኜ፣ ጠመንጃ አንግቼ፣ ከፈረንጅ ኋላ ስሄድ ኖርኩ። ፈረንጁ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ የእሱን ቋንቋ አላውቅ፣ ፊደልም አልቆጠርኩ። ታዲያ ከማን ጋር ላውራ? ከዋልያው ጋር?

ይኸው ዝምታዬ ግን ባለፈው ዓመት ሽማግሌ አደረገኝና ጉድ ሊሠራኝ ነበር።

ሲሳይ የሚባል የእህት ልጅ አለኝ። ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሥራው ምንድን ነው? እስቲ ትንሽ እንተንፍስ። ሥራው ቁማር ነው። ፖከር ይሉታል። ካርታው በእጅ አይያዝም፤ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ተጫዋቾቹም አንዱ ብራዚል፣ አንዱ ሩሲያ፣ ሌላው እኔ ስሙን ከማልይዘው አገር ተቀምጠው ነው። ሲሳይ ድሮ በቅሎ ጫኝ ነበር። አንድ ክረምት ጨነቅ ላይ ዝናብ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ የቆለፈበት አንድ ፈረንጅ፣ ብቻውን መጫወት ሲሰለቸው ልጁን ጠርቶ አስተማረው። ፈረንጁ ዋልያ ሊያይ መጥቶ ጉም አይቶ ተመለሰ። የእኛ ልጅ ግን ሙያ ይዞ ከተራራው ወረደ።

አሁን ደግሞ ከመጫወት አልፎ ያስተምራል። አሰልጣኝ ነኝ ይላል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ በየአገሩ ላሉ ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ከሚናገረው ውስጥ የማውቃት አንዲት ቃል ደጋግማ ትመጣለች፤ «ዌይት» ይላቸዋል። ጠብቅ ማለት ነው። እኔ እኮ ፈረንጅን ገደል አፋፍ ላይ «ዌይት፣ ዌይት» እያልኩ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ! የተረፈኝ ብስኩት ነው። እሱ በዚችው በአንዲት ቃል ይተዳደራል።

ሲጫወትም አየሁት። ቁማር ሲባል እኔ የማውቀው ጠጅ ቤት ጓሮ ጩኸት፣ ግብግብ፣ በመጨረሻም ካፖርቱን አስይዞ በሸሚዝ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። ሲሳይ ግን ካርታውን ያያል፣ ይጥላል። ያያል፣ ይጥላል። ግማሽ ቀን እንዲሁ! ቢሰለቸኝ «መቼ ነው የምትጫወተው?» አልኩት። «ጋሼ፣ ይኼው እየተጫወትኩ እኮ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። ያን ጊዜ ገባኝ። ስካውትነት ነው። ቀኑን ሙሉ ነቅቶ ምንም አለማድረግ።

ይህ ልጅ እናንዬን ወደደ። እናንዬ ደባርቅ ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ናት። ሲሳይ ለራስ ምታት ክኒን ሊገዛ ገብቶ አያት፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት አራት ቀን ራሱን ያመው ጀመር። እሷም ወደደችው፤ ግን አንድ ነገር ቁርጥ አድርጋ ነገረችው። አባቷ ካልመረቋት ከቤት አትወጣም። አባቷ አቶ ቢያድግልኝ አምባ ጊዮርጊስ ላይ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። ጆንያ ከላይ አይተው አይገዙም፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከትተው ከሥር ያለውን ስንዴ አውጥተው ያያሉ። እንዲህ ላለ ሰው «ልጅዎን ለቁማርተኛ ይስጡልን» ሊባል ነው! በዚያ ላይ ጎንደር ያለ አንድ መሐንዲስም ዓይኑን ጥሎባታል ይባል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆንን። መምሬ ፈንታሁን ንግግር ስለሚያውቁ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ደግሞ ከአቶ ቢያድግልኝ ጋር በገበያ ስለሚተዋወቁ። እኔስ? እህቴ ናት የመረጠችኝ። ምክንያቱን ስጠይቃት «አንተ ምንም አትናገርም፤ ምንም ካልተናገርክ ምንም አታበላሽም» አለችኝ። ወንድም ማመስገን እንዲህ ነው።

አሰልጣኝ የሆነ ሰው ማሠልጠን አይተውምና ሲሳይ ከመንገዳችን በፊት ሦስታችንንም ሐጂ ሱቅ ሰብስቦ አሠለጠነን። ሰው ሲዋሽ አካሉ ያሳብቅበታል፤ እኔ በላፕቶፕ የማላየውን እናንተ ፊት ለፊት ቆማችሁ ታሳያላችሁ፤ ስለዚህ እንሞክር አለ። መምሬ «እኔ በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም» ብለው ተቆጡ፣ እንዲህ ሲሉም በእጃቸው ያለውን መስቀል አንድ ጊዜ አዞሩት። «ይኼው!» አለ ሲሳይ። ሐጂ ስቀው ሳይጨርሱ፣ አንድ ደንበኛ ገብቶ ዋጋ ቢጠይቃቸው «በገዛሁበት ልስጥህ» ብለው ቆባቸውን አስተካከሉ። «ይኼው ሌላው!» አለ። የእኔ ተራ ሲደርስ ፊቴን አየ፣ አየ፣ አየ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እርስዎ ፊት ላይ ምንም የለም» አለኝ። ሐጂም «እኛማ ድሮም እናውቃለን» አሉ።

የምንናገረው ተወሰነ። ልጁ በኮምፒውተር ያስተምራል እንላለን፤ እውነት ነው። ምን ያስተምራል ከተባለ ሒሳብ ነው እንላለን፤ ጨዋታው ስሌት አለበትና መምሬ ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው ፈቀዱት። ቁማር የምትባል ቃል ግን ከማናችንም አፍ እንዳትወጣ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ይዘን፣ ዳባትን አልፈን፣ አምባ ጊዮርጊስ ደረስን። መምሬ መንገዱን ሁሉ ንግግራቸውን ሲያጠኑ ነበር። የግቢው በር ተከፍቶ ስንገባ ግን እኔን አንድ ነገር መታኝ። ሽታ። የዶሮ ወጥ ሽታ! ያውም ሽንኩርቱ ከማለዳ ጀምሮ ሲቁላላ የቆየ። ስካውት ነኝ፤ ነፋስ የሚያመጣውን አውቃለሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ሽማግሌ እንደሚመጣበት ተልኮበት፣ «አልሰጥም» ብሎ ሊመልስ ያሰበ ሰው ዶሮ ይሠራል? እንዲህ ያለውን ሽማግሌ በውኃ ነው የሚሸኙት። አሃ! አልኩ በሆዴ፤ መልሱ ጓዳ ውስጥ ተጥዷል። አቶ ቢያድግልኝ ፊታቸውን አጥቁረው የተቀበሉን ለወጉ ነው። ይህን ያወቅሁት ከሦስታችን እኔ ብቻ ነኝ።

እንደ ደንቡ ቆምን። ቃል ሳይሰጡን «ተቀመጡ» ቢሉንም አንቀመጥም። መምሬ ከአብርሃም ጀምረው፣ ርብቃን ለይስሐቅ አጋብተው፣ በስንት መከራ ሲሳይ ላይ ደረሱ። አቶ ቢያድግልኝ ሰምተው ሰምተው ልጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ያስተምራል አሉ መምሬ። ምን? ሒሳብ። መስቀሉ ዞረ። ሰውዬው መስቀሉን አዩት። የት ትምህርት ቤት? ሲሉ ሐጂ ቀበል አድርገው፣ የዛሬ ዘመን ትምህርት ግድግዳ አይፈልግም፣ ተማሪዎቹም ውጭ አገር ናቸው አሉ። ቆቡ ወደ ቀኝ ሄዶ ወደ ግራ ተመለሰ። ሰውዬው ቆቡንም አዩት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎስ? ከገቡ ጀምሮ ቃል አልወጣዎትም። ዝም ያለ ሰው አይዋሽም። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ልጁ ምን ይሠራል?»

አፌ ውስጥ ሁለት መልስ ነበረ። አንዱን ሲሳይ ነው ያስጠናኝ። ያን ጊዜ ከጓዳ በኩል ነፋስ መጣና ዶሮው እንደገና ሸተተኝ።

«ቁማር ነው» አልኩ።

የመምሬ መስቀል ቀጥ አለ። ሐጂ ቆባቸውን ከነጭራሹ አወለቁ። ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን ወድቆ ሲንከባለል፣ ሲንከባለል፣ ግድግዳ ሲመታ ሰማን፤ ለዚሁ ቀን ወደ አባቷ ቤት የመጣችው እናንዬ መሆኗ ነው። ከዚያ ቤቱ ጭጭ አለ። ዝምታ እኔ የማውቀው አገር ነውና አልደነገጥኩም።

«ቁማር?» አሉ ሰውዬው። ቁማር አልኩ። ሲጫወት አይተውታል? አይቻለሁ። ምን ያደርጋል? «ይጥላል» አልኳቸው። ምኑን? «ካርታውን። ደግ ካልሆነ ይጥላል። ግማሽ ቀን ሲጥል አይቻለሁ። ሲጮህ ግን አላየሁም።» በዚያ ዓመት ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙ ይኼ ነው።

አቶ ቢያድግልኝ የቀኝ እጃቸውን፣ ያንን ጆንያ የሚፈትሹበትን፣ ገልበጥ አድርገው አዩት። በገበያ ቀን ስንት ጆንያ ከፍተው ስንቱን ጥለው እንደሚሄዱ፣ ያኖራቸውም የገዙት ሳይሆን ያልገዙት መሆኑን ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ነገሩን። ከዚያ ዓይናቸውን አነሱና «ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ» አሉ። እልልታው ከጓዳ የወጣው ከአፋቸው ቀድሞ ነው ማለት ይቻላል። «ብቻ ልጄን ካርታ እንዳያስተምርብኝ» ሲሉም ከዚያው ከጓዳ ሳቅ ሰማሁ።

ዶሮው ቀረበ። ሐጂ ሥጋችንን አይበሉምና ዳቦ በማር መጣላቸው። እኔም እንቁላሉን ስከፍል «አላልኩም?» እያልኩ ነበር በሆዴ።

መምሬ እስከ ዳባት ድረስ አላናገሩኝም። ደባርቅ ስንደርስ ሲሳይ እግሬ ላይ ወድቆ «ጋሼ፣ እንዴት ደፈሩ?» አለኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ደስ ብሎኝ አወራሁ። ሽታውን፣ ሽንኩርቱን፣ ጓዳውን ነገርኩት። ልጁ ግንባሩን በመዳፉ መታ አድርጎ ነገሩን ያዘው፣ በማግስቱም ለተማሪዎቹ አስተማረው። አጎቴ የሰውን ሐሳብ በአፍንጫው ያነባል ብሎ። ብራዚል ሳይቀር ታወቅሁ።

የሠርጉ ዕለት አቶ ቢያድግልኝ አጠገቤ ተቀምጠው ጠላ ይቀዱልኛል። ሁለት ብርጭቆ ሲገባልኝ፣ ዶሮው አስቀድሞ እንደነገረኝ በኩራት አጫወትኳቸው። ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«የትኛው ዶሮ? የዚያን ዕለቱ? እሱ እኮ ለጎንደሮቹ የተሠራ ነው! የመሐንዲሱ ሽማግሌዎች በዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ነበራቸው። ቃሌን ለእነሱ ልሰጥ ቆርጬ ነበር። ለእናንተ ቢሆንማ ሐጂን ዳቦ አበላቸው ነበር? ሙስሊም ጎረቤቴን ጠርቼ በግ አላሳርድላቸውም ነበር?»

የሐጂ ዳቦ! ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የነበረው ማር! አገሬው ሁሉ የሚያውቀውን ደንብ፣ ሽንኩርት ሳሸት አላየሁትም። ታዲያ ለምን ለእኛ ሰጡን? አልኳቸው፣ እንደምንም።

«የእነሱ ልጅ አንድ እንከን የለበትም ተብሎ ተነገረኝ። ከላይ እንደዚያ የጠራ ጆንያ አይቼ አላውቅም። እርስዎ ግን የእናንተን ከሥሩ ገልብጠው አሳዩኝ። እንደዚያ የሚሸጥ ሰው በዕድሜዬ የገጠመኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» አሉኝ። ጎንደሮቹ ምን በሉ? ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሽሮ አሉኝ።

ይህን ለሲሳይ ልንገረው ብዬ ሁለት ጊዜ መናኸሪያው ጀርባ ሄጄ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ማዳመጫውን ሰክቶ የእኔን ታሪክ ሲያስተምር አገኘሁት። እናንዬ አጠገቡ ተቀምጣ ካርታውን እያየች «ጣለው» ትለዋለች። ባለፈው ጊዜ አንዱን ተማሪ እኔን ሊያሳየው ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ፈረንጁ በላፕቶፑ መስኮት ውስጥ ሆኖ ትክ ብሎ አየኝና አንድ ነገር ጠየቀ። ሲሳይ «ጋሼ፣ ምስጢሩ ምንድን ነው? ነው የሚለው» አለኝ።

ዝም አልኩ።

ፈረንጁ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ጻፈው።