የወለሉ ዱአ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቤት የሚያድስ ሰው አንድ ግንበኛ ይቀጥራል፤ አንድ አማካሪ ደግሞ ሳይቀጥር ይመጣለታል። ቆርቆሮ ሲመታ አማካሪው ከታች ሆኖ «ወደ ግራ!» ይላል፤ ጉድጓድ ሲቆፈር ከላይ ሆኖ «ይበቃል!» ይላል፤ አካፋ ግን በእጁ አይነካም። ለኑርሀያት የደረሷት ክቡር ጋሽ ኢስሃቅ ነበሩ።

ጊዜው አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ የሚያወራበት ነበር። «አገር ሲለወጥ የኔ ማድ ቤት ለምን ይቀራል?» ብላ ተነሳች። ኑርሀያት ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ በእበት የተለቀለቀው ወለል ዘይትና ውሃ ሲጠጣ ጭቃ ይሆናል፤ ማታ ጉልበቷ አልታዘዝ ይላታል። የማያንሸራትት፣ እግር የማያቀዘቅዝ፣ ታጥቦ የሚጠራ ወለል ፈለገች፤ ሌላ አላማራትም። ጋሽ ኢስሃቅ ግን «አብሽሪ ልጄ፤ ይኸ በችኮላ የሚሆን ነገር አይደለም» አሏት።

ስለ ወለል ያላቸው እውቀት በአንድ ቃል ያልቃል፦ «በባዶ እግርሽ ቁሚበት!» ሴራሚክ ሊመርጡላት አብረዋት ደሴ ወጡ። መስጊድ እንደሚገባ ሰው ጫማቸውን ሱቁ በር ላይ አወለቁ። የሚያብረቀርቀው ሴራሚክ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ከኪሳቸው ብልቃጥ አውጥተው ዘይት ጠብ አደረጉበት። ባለሱቁ «አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?» እያለ ሲሮጥ መጥቶ ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ። «አየሽ!» አሉ ጋሽ ኢስሃቅ፣ ሰውየውን ሳያነሱ። ውጫሌ ገበያ ደግሞ የፕላስቲክ ምንጣፍ አገኙ፤ ፍም አስመጥተው ጣሉበት። ኑርሀያት የተበሳውን ምንጣፍ ገዝታ ተመለሰች። «በቃ፣ እበቱ ይሻለኛል» ብትላቸው «በለውጥ ዘመን?» ብለው ተቆጡ።

በመጨረሻ ሊሾ ይሁን ተባለ፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጭሮ ሻከር እንዲል፣ እሷ የምትቆምበት ላይ ያ የተበሳ ምንጣፍ እንዲነጠፍ። ሐሳቡ የግንበኛው የውበቱ ነበር። ጋሽ ኢስሃቅ ግን በየሻይ ቤቱ «ሊሾ ይሁን አልኳት» ሲሉ ሰነበቱ።

ሊሾው የፈሰሰ ዕለት ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ዱአውም የሳቸው ሆነ። ውበቱ ሳንቃ አጋደመላቸው። «እዚች ላይ ብቻ ይቁሙ ጋሼ፣ በማርያም!» አላቸው። ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዱአው ሞቅ ሲላቸው አንድ እግራቸው ከሳንቃው ወረደ፤ ሌላውም ተከተለ። ሁሉም አየ። ግን ዱአ የሚያቋርጥ ማን ደፋር ነው?

«ዘይት የማይጎድልበት አድርገው!»

«አሚን!» እግራቸው ይሰምጣል።

«እንግዳ የማይጠፋበት አድርገው!»

«አሚን!» ውበቱ ክርስቲያን ነው፤ እሱም አሚን ይላል፤ ዓይኑ ግን ከሲሚንቶው አልተነሳም። «ከዚህ ወለል የወጣውን ሁሉ…» ሲሉ አላስቻለውም። ብብታቸው ስር ይዞ እንደ ሕፃን አነሳቸው።

«ምን አረግኸኝ! መመለሱ ላይ ገና አልደረስኩም እኮ!» ብለው ጮኹ። ውበቱን ለወራት ሰላምታ ነሱት። ኑርሀያት ግን የቀሩትን ሁለት የእግር ምልክቶች ባየች ቁጥር ትስቅ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኑርሀያት ልጆቿን ይዛ እስከ ደብረ ብርሃን ሸሸች። ጋሽ ኢስሃቅ አምባሰል ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄዱ ተባለ፤ ስልክ የለም፣ ያያቸው የለም። ኑርሀያትና ልጆቿ በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ባዶ ወለል ላይ ተኝተው ብርዱ ጎናቸውን ሲወጋቸው፣ «እሳቸው ቢቆሙበት ኖሮ አንድ ቀን አያሳድሩንም ነበር» እያለች ልጆቿን ታስቃለች። ልጆቹ ሲተኙ ግን ያ ሳይቋጭ የቀረው ዱአ ሆዷን ይበላዋል። የወጣውን ሁሉ… መመለሱስ?

ስትመለስ በሩ የለም፤ ድስቱ የለም፤ መጥበሻው የለም። ወለሉ አለ፤ ተሸክሞት የሚሄድ አልተገኘም። ውበቱ በር ሊገጥምላት መጥቶ «እነዚህን የእግር ጉድጓዶችስ በዚያው ልድፈናቸው?» አላት።

«ባለቤታቸው ሳይመጡ? እንዳትነካ!» ብላ ጮኸችበት፤ ጮኸችና አለቀሰች። በምክር ያደረቋት ሰውዬ እንዲህ ይናፍቁኛል ብላ አስባ አታውቅም።

ውበቱ በሩን ገጥሞ ሳይጨርስ መጡ። ከስተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ኑርሀያት በተዋሰችው መጥበሻ ዓሣ ጥዳ ነበር። ሰላምታዋን ሳያስጨርሷት ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አዩትና «ያኔም ተቸኩሏል ብያለሁ» አሉ። ጫማቸውን አወለቁ፤ እግራቸውን በየጉድጓዱ ከተቱ። ልክክ አለ። እጃቸውን ዘረጉ።

«ከዚህ ወለል የወጣውን ሁሉ» አሉ፤ የት ላይ እንዳቆሙ አልረሱም፤ «ያ አላህ፣ በሰላም መልሰው።»

«አሚን» አለች ኑርሀያት፣ እንባዋ እየወረደ። «አሚን» አለ ውበቱ፣ መዶሻውን እንደያዘ።

እሳቸው ግን ቀጠሉ። ለበሩ፣ ለመጥበሻው፣ ለደሴው ባለሱቅ ወገብ ሳይቀር ዱአ አደረጉ። ዓሣው አረረ። ማንም አላቋረጣቸውም።