እትዬ ቁጭ በሉ መቀመጫ ሲያገኙ

«ደመናው ሲመጣ አንተን መስሎኝ ወጣሁ፣
እምም… እምም… እምም…»

ሁለተኛው ስንኝ የለም። እትዬ ቁጭ በሉ የመጀመሪያውን ብቻ እያንጎራጎሩ በደጃችን ያልፋሉ። «ቀሪውን ጎርፉ ወሰደብኝ» ይላሉ። እኔ እንኳ ከጎርፉ በፊትም ሰምቼው አላውቅም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። መከራ ሲመጣ ሌላው ራሱን ይይዛል፣ እሱ አካፋ ይይዛል። የኛዋ ክብርት እመቤት ስማቸውን ያገኙት ያዩትን ሁሉ «ቁጭ በሉ፣ ደክሟችኋል» እያሉ ራሳቸው ቁጭ ሲሉ ስላልታዩ ነው።

ጎርፉ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ካለፈ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው። ምግብ ስንሰጣቸው «ቆሜ እቀምሳለሁ» ብለው ሳህኑን ይዘው ውልቅ። ትንሽ ቆይተን ስናይ ሳህኑ የሌላ ሰው ጉልበት ላይ ነው። እግራቸው አብጧል። አንድ ቀን እጭቃው ላይ ድፍት እንዳይሉብን ሁላችንም በፍርሃት አለቅን።

የእርዳታ መኪና መጣ። ሲራገፍ የሠርግ ቀሚስና ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ!

«በዚህ ጫማ ጭቃውን እየወጋን ልናደርቀው ነው?» ብለው እትዬ ሾፌሩ ላይ ጮኹ። «ሰው እኮ መጀመሪያ ምን ጎደለህ ተብሎ ይጠየቃል!»

ከዚያ አንዱን ቀሚስ ታቅፈው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቤት ገቡ። ሰፊው በእርዳታ የተሰጠውን ብርድ ልብስ ደርቦ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

«ምን ጎደለህ?»

«ምንም፣ እትዬ።»

«ውሸታም! ምንም ያልጎደለው ሰው ግድግዳ ሲያይ አይውልም።»

ጥጉን በዓይናቸው ሲያስሱ የስፌት መኪናውን አዩ፤ እስከ አንገቱ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ቆፍረው አወጡት። አጠቡት፣ በጋዝ ወለወሉት፣ ዘይት አጠጡት። መርገጫው ሲንቀሳቀስ የሰፊው ፊትም ተንቀሳቀሰ።

«በል፣ ይህን ቀሚስ ለልጆች አንሶላ አድርግልኝ። ብርድ ልብሱን ለሚበርደው ስጠው።»

በማግስቱ የስፌት መኪናው ድምፅ ሰፈሩን ሞላው። እሳቸው አሁንም ሳህን ይዘው ውር ውር ይላሉ። ሰፊው በራፉ ላይ መንገድ ዘጋባቸው።

«ዛሬስ ሳይበሉ አያልፉም።»

«ልቀቀኝ፣ ሥራ አለብኝ!»

«እሺ፣ እርስዎስ ምን ጎደለዎት?»

የያዙትን ሳህን ዝቅ አደረጉ።

«መቀመጫ» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ በርጩማ እንኳ አልተረፈኝም። ቤቴ ገብቼ ከባዶ ወለል ጋር ከምፋጠጥ ብዬ ነው የምዞረው።»

እርስ በርስ ተያየን። ስም ለማውጣት ማን ብሎን! ቤታቸውን ገልጦ ያየ ግን አንድም አልነበረም።

ሰፊው የሚሰፋበትን በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠላቸው።

«ቆሞ የሚሰፋ ሰፊ የት አየህ?» አሉት።

«ቆሞ የሚበላ ሰውስ የት አየን?»

ተቀመጡ። በርጩማው ሲጢጥ አለ። አንድ ጎርሰው፣ ሁለት ጎርሰው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፤

«ደጅ ደጁን ሳይ ውዬ ቁጭ ማለት አጣሁ…»

ሁለተኛው ስንኝ!

«ጨው ያንሰዋል» አሉ፤ ሊያመጡም ብድግ ሲሉ ሰፈሩ ባንድ አፍ ጮኸ፤

«ቁጭ በሉ!»

ቁጭ አሉ። ሳህኑንም ጨው እንዳነሰው ጠረጉት።